የዐይን ጉዞንና የብሌንን ምላሽ በቪዲዮ ካሜራ ስለ መለካት፦ ለንባብ ትምህርት ያለው ጥቅምና ወሰኑ

አንድ ተማሪ መጽሐፉን ገልጦ ሲያነብ መምህሩ የሚከታተለው ድምፁን ነው። ዐይኑ በመስመሩ ላይ የሚያደርገው ጉዞ ለመምህሩ አይታይም፤ ቢታይም ፈጣንና ጥቃቅን ስለ ሆነ በትክክል ሊለካ አይችልም። ይህን ጉዞ በካሜራ ቀርጾ የመለካት ዘዴ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ሲሆን፣ የመሣሪያው ዋጋ እየቀነሰ በመጣ ቁጥር «የተማሪዎችን የማንበብ ችሎታ በዐይናቸው እንለካ» የሚል ሐሳብ ለዕቅድ ክፍሎቻችን መቅረቡ አይቀርም። ይህ ጽሑፍ የቪዲዮ ካሜራው ምን እንደሚለካ፣ እንዴት እንደሚለካና ከልኬቱ ምን ዓይነት መደምደሚያ ሊወሰድ እንደሚችል ለመምህራንና ለዕቅድ ባለሙያዎች ለማብራራት የቀረበ ነው። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከመንዝ ደጋ፣ ከጓሳ አካባቢ የተወሰዱ ናቸው፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ ብርሃኑ ከደጅ እጅግ የበረታ ከቤት ውስጥ ግን የደከመ በሆነበት ክፍል የሚያስተምር መምህር የሚያጋጥመው ችግር በቤተ ሙከራ ከሚያጋጥመው የተለየ ነውና።

ዐይን በመስመር ላይ እንዴት ይጓዛል?

ብዙዎቻችን ስናነብ ዐይናችን ከመስመሩ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው እንደ ውሃ የሚፈስ ይመስለናል። ይህ ግምት የተሻረው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። በፓሪስ በሐኪሙ በሉዊ ኤሚል ዣቫል ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ መገባደጃ የተደረጉ ጥናቶች፣ ዐይን በመስመር ላይ የሚጓዘው እየዘለለና እያረፈ መሆኑን አመለከቱ። ከዚያ በኋላ አሜሪካዊው ኤድመንድ ሂዩ ከጀሶ የተሠራ ትንሽ ስኒ በአንባቢው ዐይን ላይ አሳርፎ፣ ከስኒው ጋር በተያያዘ ቀጭን ጠቋሚ አማካይነት እንቅስቃሴውን በጢስ በጠቆረ ወረቀት ላይ አስመዘገበ። ዘዴው ዛሬ ሲነገር የሚዘገንን ነው። እንደ ዕድል ሆኖ ሬይመንድ ዶጅ እ.ኤ.አ. በ1901 ዐይንን ምንም ሳይነኩ ከዐይን ፊት የሚንጸባረቀውን ብርሃን በፎቶግራፍ መቅረጽ እንደሚቻል አሳየ። የዛሬዎቹ የቪዲዮ መሣሪያዎች ሁሉ የዚህ ሐሳብ ልጆች ናቸው።

መምህሩ ይህን ጉዳይ ያለ ምንም መሣሪያ በክፍል ውስጥ ሊያሳይ ይችላል። በጓሳ ሜዳ ከብት የሚጠብቅ ልጅ በሰማይ ላይ የሚያንዣብብ ጭልፊት ሲከታተል ዐይኑ ሳይቆራረጥ በልስላሴ ይንቀሳቀሳል፤ የሚከተለው ነገር ራሱ ይንቀሳቀሳልና። ይኸው ልጅ ጭልፊቱ በሌለበት ባዶ ሰማይ ላይ «ዐይንህን ከዚህ ተራራ እስከዚያኛው ቀስ አድርገህ ሳብ» ቢባል ግን አይሆንለትም፤ ዐይኑ በግድ ይዘልላል። የመጽሐፍ ገጽ ደግሞ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ዐይን በገጽ ላይ የሚጓዝበት መንገድ ዝላይ ብቻ ነው።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሦስት ቃላትን እንጠቀማለን። ዐይን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላው የሚወረወርበትን ፈጣን እንቅስቃሴ «ዝላይ»፣ በሁለት ዝላዮች መካከል የሚያርፍበትን ጊዜ «እርጋታ»፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ያለፈውን የሚያይበትን ዝላይ «ምልሰት» እንላለን። እንግሊዝኛን በሚያነቡ የበሰሉ አንባቢዎች ላይ በተደረጉት በርካታ ጥናቶች መሠረት፣ አንዱ እርጋታ በአማካይ ከ200 እስከ 250 ሚሊ ሰከንድ ማለትም የሰከንድ ሩብ ያህል ይቆያል። አንዱ ዝላይ ከ7 እስከ 9 ፊደላትን ያቋርጣል፤ ከዝላዮቹም ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆኑት ምልሰቶች ናቸው። ዝላዩ ራሱ ከ20 እስከ 40 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ይፈጃል፤ በዚያችም ቅጽበት ከገጹ የሚገኝ አዲስ ነገር የለም። የምናነበው ዐይናችን ሲያርፍ ነው።

ጋይ በስዌል በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ከአንደኛ ክፍል እስከ ኮሌጅ ያሉ ተማሪዎችን ዐይን በፊልም ቀርጾ እ.ኤ.አ. በ1922 ያሳተመው ጥናት ዛሬም ለመምህር የሚጠቅም ነው። የአንደኛ ክፍል ልጅ በአንድ መስመር ላይ ከ15 ጊዜ በላይ ሲያርፍ፣ የኮሌጅ ተማሪው 6 ጊዜ ገደማ ያርፋል። ትኩረት የሚሻው ግን የለውጡ ፍጥነት ነው፤ ቅነሳው በአብዛኛው የሚጠናቀቀው እስከ አራተኛ ክፍል ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ የሚገኘው ለውጥ አነስተኛ ነው።

ካሜራው ምን ያያል?

የዐይን ኳስ አንድ ዲግሪ ሲዞር ብሌኑ ከቦታው የሚንቀሳቀሰው 0.2 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከዐይን 40 ሴንቲ ሜትር ርቆ በተያዘ መጽሐፍ ላይ ግን ይህቺ አንድ ዲግሪ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ትሆናለች፤ ይህም በተለመደው ኅትመት የሁለት ፊደላት ስፋት ነው። ስለዚህ ልጁ የትኛውን ፊደል እንደሚያይ ለማወቅ የሚፈልግ ካሜራ የሚሊ ሜትርን አንድ አምስተኛ መለየት አለበት። በዚህ ላይ ልጁ ራሱን በሴንቲ ሜትር የሚቆጠር ያህል ያወዛውዛል።

ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ቀላልና ብልህነት ያለበት ነው። ለሰው ዐይን የማይታይ የኢንፍራሬድ ብርሃን በልጁ ፊት ላይ ይበራል። ብርሃኑ ከዐይን ፊት ለፊት ካለው መስታወት መሰል ሽፋን፣ ማለት ከኮርኒያ፣ ላይ ተንጸባርቆ በካሜራው ምስል ውስጥ አንዲት ብሩህ ነጥብ ይሆናል። ልጁ ራሱን ሲያንቀሳቅስ ነጥቡና ብሌኑ አብረው ይሄዳሉ፤ ዐይኑን ብቻ ሲያዞር ግን ብሌኑ ከነጥቡ ይርቃል ወይም ወደ ነጥቡ ይቀርባል። መሣሪያው የሚለካው ይህን በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ነው። ከመለካቱ በፊት ልጁ ቦታቸው የታወቀ አምስት ወይም ዘጠኝ ነጥቦችን በየተራ እንዲመለከት ይደረጋል፤ ይህ የማስተካከያ ሥራ በጥንቃቄ ካልተከናወነ ከዚያ በኋላ የሚገኘው አኃዝ ሁሉ ዋጋ የለውም።

የኢንፍራሬድ ብርሃን ለእኛ አገር ልጆች ሌላም ጥቅም አለው። ጥቁር ቡናማ በሆነ ዐይን ውስጥ ብሌኑንና በዙሪያው ያለውን አይሪስ በተራ ካሜራ መለየት አስቸጋሪ ነው፤ ሁለቱም ጥቁር ሆነው ይታያሉ። ለአይሪስ ጥቁረት የሚሰጠው ሜላኒን ግን የኢንፍራሬድን ብርሃን እምብዛም ስለማይመጥጥ፣ በዚህ ብርሃን ሲቀረጽ አይሪሱ ግራጫ፣ ብሌኑ ደግሞ ጥቁር ሆኖ ይለያል። በተራ የእጅ ስልክ ተቀርጾ «የብሌን ልኬት» ነው የሚባል ነገር ሲቀርብ ባለሙያው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ይህን ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የፍጥነት ጥያቄ ነው። በሰከንድ 30 ምስል የሚያነሣ ካሜራ በሁለት ምስሎች መካከል 33 ሚሊ ሰከንድ ያሳልፋል። አንድ እርጋታ ሰባት ያህል ምስሎች ስለሚደርሱት ሊቆጠር ይችላል፤ አንድ ዝላይ ግን በሁለት ምስሎች መካከል ተጀምሮ ሊያልቅ ይችላል። የምርምር መሣሪያዎች በሰከንድ እስከ 1000 ምስልና ከዚያም በላይ የሚያነሡት በዚህ ምክንያት ነው።

ብሌንና የጓሳ ብርሃን

ብሌን ስንል በአይሪስ መካከል ያለችውን የብርሃን መግቢያ ቀዳዳ ማለታችን ነው። ስፋቷ ከ2 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ይለዋወጣል። ብርሃን በድንገት ሲበዛ ከሩብ ሰከንድ ገደማ በኋላ መጥበብ ትጀምራለች፤ ይህ ከፈቃድ ውጭ የሚፈጸም ምላሽ ነው። ብርሃን ሲቀንስ ትሰፋለች፤ ሆኖም የምትሰፋው ከምትጠበው በዘገየ ሁኔታ ነው።

ብሌን ግን ለብርሃን ብቻ አትገዛም። ኤክሃርድ ሄስና ጄምስ ፖልት እ.ኤ.አ. በ1964፣ ሰዎች በቃላቸው ቁጥር ሲያባዙ ብሌናቸው እንደሚሰፋና ስሌቱ በከበደ መጠን ስፋቱም እንደሚጨምር ገለጹ። ከሁለት ዓመት በኋላ ዳንኤል ካህነማንና ጃክሰን ቢቲ፣ ሰዎች በቃላቸው እንዲይዙ ቁጥሮች ሲነገሯቸው ብሌናቸው በእያንዳንዱ ቁጥር እየሰፋ፣ ቁጥሮቹን መልሰው ሲናገሩ ደግሞ እየጠበበ እንደሚሄድ አሳዩ። ከዚህ ተነሥቶ «የተማሪውን የአእምሮ ጥረት በብሌኑ መለካት ይቻላል» የሚለው ሐሳብ ተስፋፋ።

ሐሳቡ መሠረት አለው። ችግሩ መጠኑ ላይ ነው። በአእምሮ ጥረት የሚመጣው የብሌን ስፋት ለውጥ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰ ሲሆን፣ በብርሃን የሚመጣው ግን ብዙ ሚሊ ሜትር ነው። በጓሳ ከፍታ ላይ የቀትር ፀሐይ በግቢው ላይ እየነደደ፣ በጠባብ መስኮት ብርሃን የሚያገኝ ክፍል ውስጥ መሣሪያ ተተክሏል እንበል። ጉም መጥቶ ፀሐይን ሲሸፍን የሁሉም ልጆች ብሌን ይሰፋል፤ ጉሙ ሲገፍፍ ይጠባል። በመስኮት አጠገብ የተቀመጠው ልጅ ብሌን ከጥግ ከተቀመጠው ይጠብባል። ይህን ሳያገናዝብ አኃዝ የሚሰበስብ ሰው የለካው የመንዝን የአየር ሁኔታ እንጂ የልጆቹን ጥረት አይደለም። በዚህ ጸሐፊ እምነት፣ ብርሃኑ የማይለዋወጥ ክፍል በሌለበት የብሌን ልኬትን ለትምህርት ምዘና ማዋል ከንቱ ድካም ነው።

ለመምህሩ የሚጠቅመው የብሌን ዕውቀት ከዚህ የቀለለ ነው። ከግቢው ፀሐይ ወደ ጨለም ያለ ክፍል የገባ ልጅ ብሌኑ በአጭር ጊዜ ቢሰፋም፣ የዐይን ውስጠኛ ክፍል ከጨለማው ጋር የሚስማማው በደቂቃዎች ነው፤ ከዕረፍት መልስ ወዲያውኑ ደቃቅ ጽሑፍ ማስነበብ ተገቢ አይሆንም። ሁለቱ ብሌኖች የተበላለጡበት፣ ብርሃን ሲበራበት አንደኛው የማይጠብበት ወይም ብሌኑ ነጭ ሆኖ የሚታይ ልጅ ቢያጋጥም ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መላክ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ በሆነው አገር አቀፍ የዐይን ጤና ጥናት ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ ሕፃናት መካከል በአገር አቀፍ ደረጃ 40.1 በመቶ፣ በአማራ ክልል 62.6 በመቶ በሚያመረቅዝ ትራኮማ ተይዘው መገኘታቸውን መርሳት አይገባም። ትራኮማ እየተደጋገመ ኮርኒያን ሲያጠይም ማየት ይቀንሳል፤ ካሜራው የሚመካበት ብሩህ ነጥብም ይበታተናል። የማያነብን ልጅ ዐይን በመሣሪያ ከመለካት በፊት ልጁ ማየቱን ማረጋገጥ ይቀድማል።

ምልሰት ስንፍና አይደለም

አንድ እጩ መምህር በተግባር ልምምድ ላይ ስለ አንድ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ «ዐይኑ አይረጋም፤ እየተመለሰ ያያል፤ ትኩረት የለውም» ብሎ መዝግቦ ተመልክተናል። ይህ አስተያየት በብዙ ትምህርት ቤቶች የሚሰማ ነው። የዐይን ጉዞ ጥናት ከሁሉ በላይ የሚያርመውም ይህንኑ ነው።

አማርኛ የሚጠብቁና የሚላሉ ድምፆችን በጽሑፍ አይለይም። ለምሳሌ የሚከተለውን ዐረፍተ ነገር እንመልከት፦ «ገና ሲደርስ ጓሳውን አጨዱት።» «ገና» የሚለው ቃል «ና» ጠብቆ ከተነበበ የልደት በዓል ሲደርስ ሣሩ ታጨደ ማለት ነው፤ ላልቶ ከተነበበ ግን አንድ ሰው ወዲያው እንደ ደረሰ ሣሩን አጨዱት ማለት ይሆናል። ከዚህ በፊት ያለው ዐረፍተ ነገር ስለ በዓል ይሁን ስለ መንገደኛ የሚያስታውስ ልጅ ብቻ በትክክል ያነበዋል። የማያስታውስ ልጅ ዐይኑን ወደ ኋላ ይመልሳል። «ይሰማል»፣ «ዋና»፣ «አለ» የሚሉት ቃላት ሁሉ እንዲሁ ናቸው። እነዚህን ቃላት አግኝቶ የማይመለስ ጀማሪ አንባቢ ካለ፣ ለመመርመር የሚገባው እርሱ ነው፤ ምናልባት ድምፁን ብቻ እያሰማ ትርጉሙን ትቶታል።

ከዚህ ጋር የተያያዘው ዋና ነገር የምክንያትና የውጤት ጥያቄ ነው። ደካማ አንባቢ እርጋታው ረጅም፣ ዝላዩ አጭር፣ ምልሰቱ ብዙ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን የበሰለ አንባቢ ከዕውቀቱ በላይ የሆነ ጽሑፍ ሲሰጠው የእርሱም ዐይን እንደ ልጅ ዐይን ይሆናል፤ ልጁም ለአቅሙ የሚመጥን ቀላል ጽሑፍ ሲያገኝ ዐይኑ ይቃናል። እንግዲህ በአብዛኛው የዐይን ጉዞ የንባብ ችግር ምልክት እንጂ ምንጭ አይደለም ማለት ነው። ይህን ባለማስተዋል እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ እስከ 1950ዎቹ በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ዐይንን በፍጥነት ለማስኬድ የተሠሩ ልዩ ልዩ መሣሪያዎች በብዛት ተገዝተው ነበር። ማይልስ ቲንከር ማስረጃውን መርምሮ፣ በመሣሪያዎቹ የተገኘው መሻሻል ያለ መሣሪያ በሚደረግ በቂ የንባብ ልምምድ ከሚገኘው እንደማይበልጥ ደምድሟል። የትኩሳት መለኪያን በቀዝቃዛ ውሃ በመንከር በሽተኛ አይድንም።

የአገራችን የጥንቱ የንባብ ቤት ይህን በራሱ መንገድ ተገንዝቦት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ተማሪው ፊደሉን በስንደዶ ወይም በቀጭን እንጨት እየጠቆመ ይቆጥራል፤ ከዚያም ከቁጥር ወደ ግዕዝ፣ ከግዕዝ ወደ ውርድ ንባብ፣ በመጨረሻም ወደ ቁም ንባብ ይሸጋገራል። በቁጥር ደረጃ ያለ ተማሪ በየፊደሉ እንዲያርፍ ይጠበቃል እንጂ ለምን አረፍህ ተብሎ አይወቀስም። መጠቆሚያውም ለየኔታ ልጁ የት እንደ ደረሰ ያመለክታል። ይህን ስል የጥንቱ ዘዴ ሁሉ ይመለስ ማለቴ አይደለም፤ በቃል መያዙ ከማንበብ ጋር የሚምታታበት ጊዜ ብዙ ነበር።

ዊልያም ግሬይ ለዩኔስኮ አዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1956 በታተመው መጽሐፉ፣ ዐረብኛን፣ ቻይንኛን፣ ዕብራይስጥን፣ ሂንዲንና ዮሩባን ጨምሮ የ14 ቋንቋዎች የበሰሉ አንባቢዎች የዐይን ጉዞ ተነጻጽሯል። መሠረታዊው አካሄድ፣ ማለት እየዘለሉ ማረፍ፣ በሁሉም ዘንድ አንድ ሆኖ ተገኝቷል፤ የዝላዩና የእርጋታው ልክ ግን እንደ ጽሕፈቱ ይለያያል። አማርኛ ከ14ቱ አንዱ አልነበረም። የእኛ ፊደል አንዱ ምልክት ተነባቢንና አናባቢን አጣምሮ ስለሚይዝ፣ ቃሉም በፊትና በኋላ ብዙ ቅጥያ ስለሚሸከም፣ ከ7 እስከ 9 ፊደል የሚለውን የእንግሊዝኛ ልክ ወስዶ የኢትዮጵያን ልጅ መመዘን ስሕተት ነው።

ለመጻሕፍት ዝግጅትና ለክፍል ሥራ

ለዕቅድ ባለሙያው ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ተጨባጭ ጥቅም በመጻሕፍት ዝግጅት በኩል ነው። እንግሊዝኛን በሚያነቡ ሰዎች ላይ በቪዲዮ ካሜራና በተመሳሳይ መሣሪያዎች በተደረጉ ጥናቶች፣ በቃላት መካከል ያለው ባዶ ቦታ ሲወገድ ንባብ ከ30 እስከ 50 በመቶ ያህል ይዘገያል፤ ባዶው ቦታ በሌላ ምልክት ሲሞላም ዐይን ይቸገራል። ሁለት ነጥብ በባዶ ቦታ መተካቱ ለጀማሪ አንባቢ የሚጠቅም ይመስለኛል፤ ነገር ግን ቃልን በመስመር መጨረሻ ላይ በመጣበት ቆርጦ ቀሪውን ወደሚቀጥለው መስመር ማሻገር ከብራና ዘመን ጀምሮ የኖረ ልማድ ነው። ከመስመር ወደ መስመር የሚደረገው ዝላይ ከዝላዮች ሁሉ ረጅሙና ለስሕተት የተጋለጠው ነው። የቃሉን ግማሽ በቃሉ ይዞ ይህን ዝላይ እንዲዘልል የሰባት ዓመትን ልጅ ማስገደድ ያለ አግባብ ማስቸገር ነው። በ1ኛና በ2ኛ ክፍል መጻሕፍት ቃል በመስመር መጨረሻ መቆረጥ የለበትም። ይህን ለማስተካከል አንድም መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም።

እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን በተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች ንባብ ምዘና ከተፈተኑት የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ለክፍላቸው ከተዘጋጀው ምንባብ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም። ለእነዚህ ልጆች የጎደላቸው ፊደልና መጽሐፍ ነው። አንድ መሣሪያ በሚገዛበት ገንዘብ ስንት የተረት መጽሐፍ ወደ መሐል ሜዳና ወደ ዙሪያዋ ትምህርት ቤቶች ሊደርስ እንደሚችል ማስላት የዕቅድ ክፍሉ ተግባር ነው። መሣሪያው ተገቢ ቦታው የመምህራን ማሠልጠኛና የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ሲሆን፣ የሚገባውም ሥራ ስለ አማርኛ ጽሕፈት የሚነሡትን እንደ ከላይ ያሉ ጥያቄዎች መመርመር ነው።

መምህሩ በበኩሉ በዐይኑ ማየት ከፈለገ ዋልተር ማይልስ እ.ኤ.አ. በ1928 የገለጸው የሽንቁር ዘዴ አለለት። ከስምንት እስከ አሥር መስመር የሚሆን ምንባብ በወፍራም ወረቀት ላይ በጉልህ ይጻፋል፤ በወረቀቱ መካከል፣ በመስመሮች መሐል፣ ከ5 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ቀዳዳ ይበሳል። መምህሩ ከልጁ ፊት ለፊት ተቀምጦ ወረቀቱን በዐይኑ አጠገብ አድርጎ በቀዳዳው ይመለከታል፤ ልጁ ድምፅ ሳያሰማ ያነባል። የልጁ ፊት ወደ ብርሃን መዞር አለበት። በእያንዳንዱ መስመር ዐይኑ ስንት ጊዜ እንዳረፈ በጣት ወይም በእንጨት መታ እያደረጉ መቁጠር ይቻላል፤ ጥቃቅኖቹ ዝላዮች ያመልጣሉ፣ ወደ አዲስ መስመር የሚደረገው ረጅም ዝላይ ግን በግልጽ ይታያል። አንዱን ልጅ በሁለት ምንባቦች፣ አንዱ ቀላል ሌላው ከበድ ያለ፣ መመልከት ልጅን ከልጅ ከማነጻጸር ይልቅ ብዙ ያስተምራል።

በካሜራ የሚቀረጽ ሥራ ሲኖር ግን ሌላ ግዴታ ይከተላል። የአይሪስ ምስል እንደ ጣት አሻራ ሰውን ከሰው የሚለይ ነው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን የአካል መለያዎች የሚመለከቱ መረጃዎች በልዩ ጥንቃቄ እንዲያዙ ይጠይቃል። ስለዚህ የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ መገኘት ያለበት ሲሆን፣ ወላጁ ማንበብ የማይችል ከሆነ ጉዳዩ በቃል ተብራርቶለት፣ ልጁም ራሱ ተጠይቆ፣ እምቢ ካለ ያለ ምንም ተግሣጽ ሊለቀቅ ይገባል። ከቀረጻው የሚፈለጉት አኃዞች ከተወሰዱ በኋላ ምስሉ ይደመሰሳል፤ መዝገቡም በልጁ ስም ሳይሆን በቁጥር ይያዛል።